እሳቱ ሲነሳ ባለቤቴን ትቼ ሮጥኩ

ሁለተኛ ፎቅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ግን ልለጥፈው።

ከአምስት ወር በፊት የምንኖርበት ሕንፃ ላይ ሌሊት እሳት ተነሳ። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ያነቃኝ ሽታው ይሁን ጩኸቱ አላውቅም። ጭስ በበሩ ሥር ሲገባ አየሁ። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው ደረጃውን ነው። በባዶ እግሬ እየተንደረደርኩ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ አንዲት ጎረቤታችን ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ስትወርድ አየሁ። ባለቤቴ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው።

"ትዝ ያለችኝ" ነው ያልኩት። አጠገቤ ተኝታ የነበረችው ሴት! ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል። ሆስፒታል በገባች ጊዜ ወንበር ላይ ስንት ሌሊት አድሬላታለሁ። አንድ ኩላሊትህን ስጣት ቢሉኝ እሰጣታለሁ፤ ይሄን ስል አላጋነንኩም። ያን ሌሊት ግን ከአልጋው ስነሳ ስሟን እንኳ አልጠራሁም።

ልመለስ ዞርኩ። ሦስት አራት ደረጃ ወጣሁ። ጭሱ ፊቴን ሲመታኝ እግሬ እምቢ አለኝ። እዚያው ተገትሬ እያለሁ እሷ ከላይ ወረደች። አንድ ጎረቤት ክንዷን ይዟት ነበር። ተቃቅፈን ወጣን። ምንም አልሆነችም።

እስከ ዛሬ ስለዚያ ሌሊት አላወራንም። አንድ ነገር ብቻ ተቀይሯል። አልጋችን በአንድ በኩል ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው። ድሮ በበሩ በኩል የምተኛው እኔ ነበርኩ። አንድ ማታ ስገባ ቦታዬ ላይ ተኝታ አገኘኋት። እኔም ምንም ሳልል በግድግዳው በኩል ገባሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነን።

እወዳታለሁ ስል የኖርኩት ታዲያ ምን ነበር? ያን ሌሊት የሮጠው ሰውዬ ነው እውነተኛው እኔ?


ቅን ልብ

አይዞህ ወንድሜ። ሁለታችሁም ተርፋችኋል፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ነፍስ ስትጨነቅ ሰው የሚያደርገውን አያውቅም። "ነፍሴ አውጪኝ" የተባለው ለዚህ አይደል? ተወው፣ ይለፍ።


ቀጥተኛ

አይለፍ እንጂ። እንዲያልፍ ቢፈልግ ኖሮ እዚህ አይጽፈውም ነበር። ደግሞ "ነፍሴ አውጪኝ" ብሎ የሚሮጥ ሰው የሚጠራው የማንን ነፍስ ነው? የራሱን። ቃሉ ራሱ እውነቱን እየተናገረ ነው። አንተን ልወቅስህ አይደለም፤ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ግን የጠየቅከው ከባድ ጥያቄ ነው። በ"አይዞህ" አናዳፍነው።


ሌሊት ተረኛ

ሐኪም ነኝ። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ፍቅር ብዙ አላውቅም፤ በዚያች ሰዓት ሰውነትህ ውስጥ የሆነውን ግን ልንገርህ።

አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ሥራዋ አደጋን ማሽተት ነው። የምታይና የምትሰማውን ጥሬውን፣ ገና ሳይጣራ ትቀበላለች። የምናስብበት፣ የምናመዛዝንበት ክፍል ደግሞ ከግንባራችን ጀርባ ነው፤ እሱ ቀስ ይላል። ስለዚህ አንተ "እሳት ነው" ብለህ ከማሰብህ በፊት ሰውነትህ አውቆታል። አድሬናሊን ተለቋል። ልብህ እየደለቀ ነው። ደም ወደ እግርህ ጡንቻ ሄዷል። ዓይንህም ዙሪያውን ማየት ትቶ አንድ ነገር ላይ ተተክሏል። ያንተ በር ላይ ነው የተተከለው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ከመቶ ዓመት በፊት ይሄንን "መታገል ወይም መሸሽ" ብሎ ጠርቶታል። ባለበት የሚደርቅም አለ። ደረጃው ላይ "እግሬ እምቢ አለኝ" ያልከው እሱን ይመስለኛል።

በዚያ ላይ ከእንቅልፍ ነው የተነሳኸው። ከከባድ እንቅልፍ ድንገት የነቃ ሰው አመዛዛኙ ክፍል ወዲያው አይነቃም፤ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። እግሩ ግን ነቅቷል። ከአልጋው እስከ ደረጃው ያለውን አለማስታወስህም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

የጠየቅከኝ "እወዳት ነበር ወይ" ነው። ያን ሌሊት እስከ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ጥያቄው የሚጠየቅበት ክፍል አልበራም ነበር። ሲበራ ምን እንዳደረግክ ራስህ ጽፈኸዋል፤ ዞርክ።


ያልዞረላት

እኔ ከሌላኛው ወገን ነኝ።

መኪናችን ተገለበጠ። ነዳጅ ይሸታል። እሱ በሩን በርግጫ ከፍቶ ወጣና ሮጠ። እኔ በቀበቶው ተንጠልጥያለሁ። በመስታወቱ በኩል የሚታየኝ ጀርባው ነበር። መንገደኞች ናቸው ያወጡኝ። ሲመለስ እያለቀሰ ነበር። ከልቡ ነው ያለቀሰው፣ አውቃለሁ። ይወደኝ ነበር፣ ያንንም አውቃለሁ።

ሐኪሙ የጻፉትን አንብቤያለሁ፤ እውነት ነው እላለሁ። ግን አሚግዳላ ያለው የሮጠው ሰው ብቻ አይደለም። የእሱ ስትሮጥ የእኔ አየቻት። ተማረችም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን፤ ይቅር ብዬው ነበር። ሰውነቴ ግን አልሰማኝም። አብረን የትም ስንገባ መጀመሪያ መውጫውን እፈልጋለሁ። እጁ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ጀርባው ይታየኛል። ሁላችሁም የምታወሩት የሮጠው ሰው ምን እንደተሰማው ነው። የሮጡባትስ?

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከወጣችሁ በኋላ ለሰው ምን ብለህ ነው የተናገርከው?


ውሃ ጠባቂ

ዋናተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ከውሃ ሳወጣ ኖሬያለሁ።

በሥልጠና መጀመሪያ የሚነግሩን የሚሰምጥ ሰው እንደሚገድለን ነው። ክፉ ስለሆነ አይደለም። አየር ይፈልጋል፤ አንተ ደግሞ ከውሃው በላይ ያለህ ነገር ነህ። ይወጣብሃል። ራስህን ይዞ ወደ ታች ይደፍቅሃል። ያኔ መታገል የለብህም፣ አብረህ መስመጥ ነው። ወደ ታች ስትወርድ ይለቅሃል፤ አየር ወደሌለበት አይከተልህም። እጁ ሲላቀቅ ይሰማሃል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚንሳፈፍ ነገር የምንወረውርለት። ሰው እስኪሰምጥ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ነው። መጮህም አይችልም። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆይባት ቅጽበት ለመተንፈስ እንኳ አትበቃውም።

አንድ አባትና ልጅ ነበሩ። ልጁ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። አባትየው አይዋኝም፤ ልጁ ትንሽ ይችላል። አባትየው እግሩ መሬት ሲያጣ ልጁ ሊይዘው ሄደ። እኔ ስደርስ አባትየው የልጁን ትከሻ በሁለት እጁ ደፍቆ በእሱ ላይ ቆሞ ነበር። ልጁ ከሥር ነው። ሁለቱንም አወጣኋቸው።

አባትየው ምንም አያስታውስም። "ልጄን ማን አወጣልኝ?" እያለ ነበር የሚጮኸው። ልጁ ግን ያስታውሳል። አየኝ፤ እኔም አየሁት። ዝም ብሎ አባቱን አቀፈው። ለአባትየው አልነገርኩትም። ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።


ቅን ልብ

ውሃ ጠባቂ፣ ይሄን አንብቤ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብያለሁ። "ተወው ይለፍ" ማለቴን መልሼ ወስጃለሁ።


የመርከብ ማስታወሻ

ስለ መርከብ አደጋዎች ማንበብ እወዳለሁ። ለጥያቄህ የሚሆን አንድ ነገር አለኝ።

ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ከበረዶው ጋር ከተጋጨች በኋላ ለመስጠም 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወሰደባት። ከሴቶቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ተረፉ። ከወንዶቹ የተረፈው ከአምስት አንዱ ያህል ነው። ጀልባዎቹ አጠገብ ሆነው ሚስትና ልጆቻቸውን አሳፍረው ወደ ኋላ የቀሩ ብዙ ናቸው። ሉሲታኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1915 በጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ተመትታ በ18 ደቂቃ ሰጠመች። ወደ 1,200 ሰው አለቀ። ሁለቱም የእንግሊዝ መርከቦች ናቸው፣ የተሳፋሪዎቻቸው ዓይነትም ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት የሁለቱን የተሳፋሪ ዝርዝር አስተያይቶ ነበር። ታይታኒክ ላይ ሴቶችና ሕፃናት ቀድመው ተረፉ። ሉሲታኒያ ላይ የመትረፍ ዕድላቸው የሰፋው ከ16 እስከ 35 ዓመት ያሉት፣ ሮጠው ጀልባ የሚደርሱት ናቸው። ሴት ሆነ ወንድ ለውጥ የለውም።

ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት ጊዜ ነው። 18 ደቂቃ ውስጥ ሰውነት ያዛል። ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ግን ሰው ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ያደገበት፣ ያመነበት፣ የሚወደው ትዝ ይለዋል። በእርግጥ ሌላም ልዩነት አለ። ሉሲታኒያ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ስለነበር ብዙዎቹን ጀልባዎች ማውረድ አልተቻለም። ዘመኑም ጦርነት ነበር። እንደዚያም ሆኖ የጊዜው ነገር አሳማኝ ይመስለኛል። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ስንት ሴኮንድ ነው? አንተ ሉሲታኒያ ላይ ነበርክ ወንድሜ።

ግን ታይታኒክን እንደ ደንብ አትውሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች 18 የመርከብ አደጋዎችን፣ 15,000 ያህል ሰዎችን መርምረው ነበር። በአብዛኞቹ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ነው የተረፉት፤ ከሁሉም ያነሰው የልጆቹ ነው። ከተሳፋሪው ይበልጥ የተረፉት ሠራተኞቹ ናቸው። "ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ" የሚለው ነገር የሚሠራው ካፒቴኑ ቆሞ ሲያዝዝ ነው። ይሄን ባነበብኩ ቀን አዝኛለሁ።


ቀጥተኛ

ሁሉንም ነገር ጊዜ ላይ ጣልነው እኮ። ታዲያ አርላንድ ዊሊያምስን ምን ልትሉት ነው?

እ.ኤ.አ. ጥር 1982 ዋሽንግተን ውስጥ አንድ አውሮፕላን በረዶ የጋገረው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ወደቀ። ስድስት ሰዎች የአውሮፕላኑን ጭራ ይዘው ውሃ ውስጥ ቀሩ። ሄሊኮፕተር መጥቶ ገመድ ሲጥልላቸው ዊሊያምስ የተሰጠውን ገመድ ለሌላው ያሳልፍ ነበር። በመጨረሻ ለእሱ ሲመለሱ ጭራው ከነእሱ ሰጥሟል። የባንክ ተቆጣጣሪ ነበር። ሰዎቹን አያውቃቸውም። ሰውነቱ እየበረደ፣ ሞት ዓይኑ ሥር ሆኖ ነው ያሳለፈው። ባዳ ለባዳ ይሄን ካደረገ፣ ባል ለሚስት ስም መጥራት እንዴት ያቅተዋል?


ሌሊት ተረኛ

ቀጥተኛ፣ ልክ ነህ። እኔም ነገሩን አንድ ጎን ብቻ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ላስተካክል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ ለሌላ ሰው ሕይወታቸውን አደጋ ላይ ለጣሉ ሰዎች የካርኔጊ የጀግንነት ሜዳሊያ ይሰጣል። ተመራማሪዎች የተሸላሚዎቹን ቃል ሰብስበው ሲያዩት አብዛኞቹ "አላሰብኩም፣ ዘልዬ ገባሁ" ነው የሚሉት። ስለዚህ ደመነፍስ የሚሮጠው ወደ ውጭ ብቻ አይደለም። ወደ ውስጥም ይሮጣል። በየትኛው ሰው፣ በየትኛዋ ሌሊት ወዴት እንደሚሮጥ ቀድሞ የሚናገር ሰው ካለ አላምነውም። ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ልጇን ጥላ የሮጠች እናት አይቻለሁ። በሌላ አደጋ ያቺው እናት ልጇን ሸፍና ልትገኝ ትችል ነበር።


የእሳት ዳር

እሳት አጥፊ ነኝ። ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ።

ሰው እሳት ሲያይ እርስ በርሱ ተረጋግጦ ይሮጣል ይባላል። እኛ የምናየው እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአይል ኦፍ ማን ደሴት ሰመርላንድ የተባለ የመዝናኛ ማዕከል ተቃጥሎ 50 ሰው ሞተ። ጆናታን ሳይም የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የተረፉትን አጠና። ቤተሰብ አንድ ላይ ከነበረ አንድ ላይ ነው የወጣው። የተለያየ ከነበረ ደግሞ መውጫውን ትቶ ወደ ኋላ፣ ሰው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ልጁን ፍለጋ። ብዙ ሰው የሚሞተው ስለሚሮጥ ሳይሆን ስለሚዘገይ ነው። ከወጣ በኋላ ተመልሶ ገብቶ የቀረም አለ። እኔ በእጄ ያወጣሁት አለ፤ አላወራውም።

ይሄን የምልህ ልወቅስህ አይደለም። በተቃራኒው ነው። አንተ ከእንቅልፍ ነው የተነሳኸው፤ ሰመርላንድ ያሉት ነቅተው ነበር። ደግሞ አራት ደረጃ ወጥተህ መቆምህን እንደ ፈሪነት ጽፈኸዋል። ያ ጭስ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተተነፈሰ ሊጥል ይችላል። ብትቀጥል ኖሮ ባለቤትህ ስትወርድ የምታገኘው አንተን ተኝተህ ነው፤ እሷም ትቆምልህ ነበር፤ ሁለታችሁንም እኛ እናወጣችሁ ነበር።

የምመክርህ ሌላ ነው። ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ደረጃ መብራት አጥፍታችሁ በዳሰሳ ውጡ። ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ ተነጋገሩ። ደግማችሁ ደጋግሙት። ሰውነት በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አያስብም፤ የለመደውን ነው የሚያደርገው። እኛም ጀግና ስለሆንን አይደለም የምንገባው፤ መቶ ጊዜ ስለገባን ነው።


ገመድ

ተራራ እወጣለሁ። በተራራ ወጪዎች መካከል እስከ ዛሬ የሚያከራክር ታሪክ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን ፔሩ ውስጥ ሲዩላ ግራንዴ የተባለውን 6,344 ሜትር ተራራ ወጡ። ሲወርዱ የአንደኛው እግር ተሰበረ። ሌላኛው ጥሎት አልሄደም። በማዕበልና በጨለማ በገመድ እያንጠለጠለ፣ በየደረጃው ያወርደው ጀመር። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ይሄን ማድረጉ ራሱ ሕይወቱን አሳልፎ እንደ መስጠት ነው። ከዚያ የተጎዳው በማይታይ ገደል አፋፍ አልፎ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ከላይ ያለው ምን እንደሆነ አያይም፣ ድምፅም አይሰማም። ከአንድ ሰዓት በላይ ያዘው። የተቀመጠበት በረዶ እየተናደ ወደ ገደሉ ይጎትተው ጀመር። ያኔ ቢላዋ አውጥቶ ገመዱን ቆረጠ።

የወደቀው አልሞተም። የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ እየተሳበ ከሦስት ቀን በኋላ ካምፑ ደረሰ። ገመዱን የቆረጠውን ብዙ ሰው ሲያወግዘው በአደባባይ የተከላከለለት የወደቀው ራሱ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር ብሎለታል።

ይሄን ያመጣሁት አንድ ነገር ስለሚገርመኝ ነው። የቆረጠው ካምፕ እንደደረሰ የሆነውን አልደበቀም። ቆርጬዋለሁ አለ።


ነገረ ፈጅ

የሕግ ሰው ነኝ። እዚህ ክር ላይ ሁለት ነገር እየተምታታ ነው፤ ለራስ መሮጥና በሌላው ላይ መቆም።

እ.ኤ.አ. በ1884 ሚኞኔት የተባለች ትንሽ የእንግሊዝ ጀልባ ሰጠመች። አራት ሰዎች በሕይወት ማዳኛ ጀልባ ላይ ቀሩ። ከሁሉ ታናሹ ሪቻርድ ፓርከር የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ሦስት ሳምንት ገደማ በረሃብና በጥማት ከቆዩ በኋላ ሁለቱ ተማክረው ልጁን ገደሉትና በእሱ ሥጋ ቆዩ። ሌላ መርከብ አገኛቸው። አገራቸው ሲደርሱ ምንም አልደበቁም። ሕዝቡ አዘነላቸው። ፍርድ ቤቱ ግን "ጭንቅ ግድያን አያጸድቅም" ብሎ የሞት ፍርድ ፈረደ። በኋላ ቅጣታቸው ወደ ስድስት ወር እስራት ወረደ።

እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሁለቱ ነገሮች አብረው መሆናቸው ነው። ጥፋት ነው ተብሏል። ታዝኖላቸዋልም። አንተ በማንም ላይ አልቆምክም፣ ማንንም አልገፋህም። ሕግ ስለ አንተ የሚለው የለውም። እዚህ የመጣኸው ግን ሕግ ለመጠየቅ እንዳልሆነ ይገባኛል።


ሁለት ወንበር

ሁላችሁም ስለ ቅጽበት ነው የጻፋችሁት። በቀስታ የሚሆንም አለ፤ ዓመታት የሚወስድ።

ባለቤቴ ስድስት ዓመት አልጋ ላይ ነበር። ያስታመምኩት እኔ ነኝ። በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ሲጠራኝ ሰማሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እየጠራኝ ነው። አርባ ደቂቃ። ውሃ ፈልጎ ነበር፤ ሌላ ምንም አይደለም። እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ልጻፈው፤ "አንዱ እስኪሞት ይሄ አያልቅም፤ እኔ አልሁን" ነው ያልኩት።

በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በግማሽ ቀለብ እንዲኖሩ ተደረገ። የጦርነት ረሃብተኞችን እንዴት መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር። የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ሳቅ ጠፋባቸው። ጓደኝነት ሰለቻቸው። ስለ ሴት ማሰብ ተዉ። የሚያወሩት፣ የሚያልሙት ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። መልካም ሰዎች ነበሩ፤ ለሰው ብለው ነው የገቡበት። ሰውነት ሲጎድልበት መጀመሪያ የሚያጠፋው ለሌላው የበራውን መብራት ነው። ሲጠግቡ ቀስ በቀስ ተመለሰላቸው።

እኔም እንቅልፍ ተርቤ ነበር። እህቴ መጥታ በሳምንት ሁለት ሌሊት ትይዝልኝ ስትጀምር እንደገና ወደድኩት። ይሄን ስጽፍ አላፍርም፤ እንደገና ወደድኩት። አሁን የለም። ስለ መታጠቢያ ቤቱ ግን ሳልነግረው ነው የሄደው። ያቃጥለኛል። ባለቤትህ አለችልህ፤ እባክህ ንገራት።


ሁለተኛ ፎቅ

ሁሉንም አንብቤያለሁ። አመሰግናለሁ፤ ቀጥተኛንም ጭምር።

ያልዞረላት፣ ጥያቄሽን ሳላይ ያለፍኩ መስዬ ነበር። ስላሳፈረኝ ነው። ለሰው ሁሉ "እርዳታ ልጠራ ቀድሜ ወጣሁ" ብያለሁ። ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ ጎረቤት ሲጠይቀኝ ከአፌ ወጣ። ከዚያ ለእናቷ ነገርኩ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኩ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ስትሰማ። አንድም ቀን አላረመችኝም። አንዴ እናቷ "እግዜር ይስጥህ፣ ልጄን አዳንክልኝ" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ዝም አልኩ።


ያልዞረላት

የእኔውም ለሰው ሲያወራው "ጎትቼ አወጣኋት" ብሎ ነበር። ስሰማው ሁለተኛ ጊዜ መኪናው ውስጥ የተወኝ መሰለኝ።

ዛሬ ማታ ንገራት። ነገ አይደለም።


ሁለተኛ ፎቅ

ሦስት ቀን ወሰደብኝ። ትናንት ነገርኳት።

መብራቱን አጥፍተን ነው፤ ፊቷን እያየሁ አልችልም ነበር። ሁሉንም ተናገርኩ። ስሟን አለመጥራቴን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትዝ ማለቷን፣ የእርዳታውን ውሸት። ከዚያ ዝም አለች። በጣም ረጅም ዝምታ ነበር። ቀጥላ ያለችኝን እንዳለችው ልጻፈው።

"እኔም እኮ አንተን አልፈለግኩህም" አለችኝ። ስትነቃ ክፍሉ ጭስ ነው። እጇን ወደ እኔ ጎን አልዘረጋችም፤ እኔ ልኑር አልኑር አላየችም። በሩን ነው ያየችው። ጎረቤታችን ክንዷን የያዛት ደረጃው ጋ ነው። "ባልሽስ?" ሲላት ነው ትዝ ያልኳት። እሷም እንደኔው። አምስት ወር ሙሉ ይዛው ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አንተ ለሁሉም ሰው ልረዳ ወጣሁ ስትል፣ ትቶ የሄደው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ" አለች። "አንተ አዳኝ፣ እኔ ከዳተኛ። እናቴ ግንባርህን ስትስምህ እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።"

ይሄን ስሰማ የተሰማኝን መጻፍ አልችልም። ሩጫው አይደለም የጎዳት። ውሸቴ ነው ብቻዋን ያስቀመጣት።

የአልጋውንም ጠየቅኳት። ፈርታኝ መስሎኝ ነበር። "በበሩ በኩል እኔ ከተኛሁ አንተ ልትወጣ ስትል በእኔ ላይ መረማመድ አለብህ" አለችኝ። "ያኔ እነቃለሁ። አንተም እዚህ መሆኔን ታውቃለህ።"

የእሳት ዳር፣ ምክርህን ሠራነው። ትናንት ሌሊት ተነስተን በጨለማ፣ በዳሰሳ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ደረጃ ወረድን። እጇን ይዤ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ቆምኩና "እዚህ ጋ ነው ትዝ ያልሽኝ" አልኳት።

እሷ ቀና ብላ ወደ ላይ፣ ወደ አራተኛ ፎቅ የመጀመሪያው ደረጃ ጠቆመችኝ።